ሶፊ የምትባል ውርጭ

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም የጎደለብኝ የለም። ሚጡ፣ ይህን ስታነቢላት ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። እየዘለልሽ እንዳታነቢ፣ እሷ ታውቅብሻለች።

እማዬ፣ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቂኝ "ምን በላሽ?" ነው። ልመልስ ስል መስመሩ ይቆረጣል። ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ቁጭ ብዬ ልንገርሽ።

እዚህ ፍራንክፈርት ለጸሎተ ሐሙስ እንደኛ ጉልባን የለም። አረንጓዴ ስጎ ነው የሚበሉት፤ "ግሩነ ዞሰ" ይሉታል። ሰባት ዓይነት ቅጠል ደቅቆ ይከተፍና ከእርጎና ከክሬም ጋር ይለወሳል። አይሞቅም። ከተቀቀለ ድንችና እንቁላል ጋር እንደ ቀዘቀዘ ይበላል። ሰባቱ ቅጠል ገበያ ላይ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። መጀመሪያ ሳየው ለበግ የተገዛ ሣር ነበር የመሰለኝ።

አንድ ቀን ጥቅልሉን ገዝቼ ቤት ፈታሁትና አንድ በአንድ መቅመስ ጀመርኩ። አንደኛው ቅጠል ይኮመጥጣል፤ ልጅ ሆነን ከአጥር ሥር ቆርጠን የምናኝከው እምቧጮ ትዝ አለኝ። ቀጥዬ ያነሳሁት ትንሽ ቅጠል ምላሴን ፈጀው። ይህን ነገር የት ነው የማውቀው እያልኩ ደጋግሜ አኘክሁት። ፌጦ ነው እማዬ! አንቺ ዘሩን ወቅጠሽ በሎሚ ለሆድ ቁርጠት የምትሰጪንን ፌጦ እነሱ ቅጠሉን ይበሉታል። ክሬምና እንቁላል ስላለበት እስከ ፋሲካ አልነካውም እንጂ፣ ሳልዋሽሽ ከሽሮ ቀጥሎ የምወደው ምግብ ሆኗል።

አይባቸው ግን ሌላ ጉድ ነው። ክብ፣ ቢጫ፣ ሽታው ደጅ ድረስ የሚቀበልሽ። ጥሬ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ያፈሱበትና "አይብ ከነሙዚቃው" ይሉታል። ሙዚቃው የታል ብዬ የሥራ ባልደረባዬን ብጠይቃት "ቆይ፣ ኋላ ይመጣል" አለችኝ። ማታ ሆዴ ውስጥ መጣ።

የሚያናድደኝን ደግሞ ልንገርሽ፤ እሑድ ነው። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ቅዳሜ ሽንኩርት ካልገዛሽ አበቃ። ባለፈው እሑድ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ ስወቅጥ የታችኛው ጎረቤቴ ወጥተው በሬን አንኳኩ። አልጮሁም፣ በትሕትና ሰዓታቸውን ብቻ አሳዩኝ። አሁን ቅዳሜ ማታ ወቅጬ ነው የማድረው። ደግሞ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ወደ ሱቅ ስትመልሺ ለአንዱ 25 ሳንቲም ይሰጡሻል። እኔ መንገድ ላይ ወድቆ ካየሁ አላልፍም። ሚጡ አትሳቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የምመኘው የጓሮ መሬት ነው። እዚህ ከተማው ዳር ትንንሽ የአትክልት ቦታ ለሰው ይከራያል። አንዱ ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ጎጆዋም 24 ካሬ ናት፣ ከዚያ በላይ አይፈቀድም፤ መኖሪያ ማድረግም ክልክል ነው። ከቦታው ሲሶውን አትክልትና ፍራፍሬ ካላለማሽበት ደግሞ ይቆጡሻል። እኔ መች ይጨንቀኛል! ሲሶ አይደለም፣ ሙሉውን ጎመን ነበር የማደርገው። ተመዝግቤ ወረፋ ስጠብቅ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ።

እስከዚያ ያለችኝ በረንዳ ናት። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ጓጓሁና በሶብላ ተከልኩ። አራት ማሰሮ። አንድ ሌሊት ብርድ መጣና ጠዋት ስነሳ ሁሉም ጠቁሮ ተኝቷል። የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኜ፣ ውርጭ ባቄላ ሲፈጅ እያየሁ አድጌ፣ እንዴት እንደተሞኘሁ! በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንድ የ91 ዓመት እናት አሉ፤ ለሳቸው ባወራቸው ሳቁብኝ። "ሶፊ ሳታልፍ ማን ይተክላል?" አሉኝ። ለካ እነሱም እንደኛ ገበሬ በቅዱሳን ቀን ይቆጥራሉ። በግንቦት ወር አምስት የብርድ ቅዱሳን አሏቸው፤ የመጨረሻዋ "ቀዝቃዛዋ ሶፊ" ናት። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 3 እስከ 7 መሆኑ ነው። ልደታን ንፍሮ በልተሽ አንድ ሳምንት መታገሥ እንደማለት።

ባለፈው ዓመት በሰው እጅ የላክሽልኝ ዘር አልደረሰኝም፤ አልነገርኩሽም ነበር። አየር ማረፊያ ላይ ያለ የጤና ምስክር ወረቀት ዘር አይገባም ብለው ወሰዱት። የቋጠርሽበትን ጨርቅ እንኳ አልመለሱም። ስለዚህ ሰው አታስቸግሪ። ደግሞ ጤና አዳም አግኝቻለሁ! ችግኝ የሚሸጡበት ቦታ ከጽጌረዳ ጎን ተደርድሮ። ስሙን በነሱ ቋንቋ ጽፈውበታል፤ እኔ ግን ቅጠሉን በጣቴ አሸት አድርጌ ነው ያወቅኩት። ሻጩ "ድመት ለማባረር ነው?" አለኝ። ለቡና ነው ስለው ግራ ገብቶት ዝም አለ። አሁን በረንዳዬ ላይ ነው፤ ክረምቱንም ችሎ ወጣ።

አንድ ነገር ምከሪኝ። በረንዳዬ ላይ ያለው ጎመን በቅሏል፣ የታችኛው ቅጠሉ ግን ቢጫ እየሆነ ነው። አፈሩን ልቀይርለት ወይስ ቅጠሉን ልቀንጥብለት? አንቺ ፍግ ጨምሪበት እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ፍግ ላምጣ ብል ግን የታችኛው ጎረቤቴ እሑድን እንኳ አይጠብቁም። ሌላ መላ ካለሽ ሚጡ ትጻፍልኝ።

ጋሼን፣ እትዬን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሳሚልኝ።

ልጅሽ፣ ከፍራንክፈርት