ብሩሾችሽ እዚህ ናቸው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ብቻ በስልክ የነገርሽን ነገር አልዋጥላት ብሏል። «ስንት ዓመት ሥዕል ተምራ አሁን ደግሞ ሕግ?» ትላለች። እኔ ስልኩን ስዘጋ ትዝ ያለኝ ዘጌ ነው።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረን፣ በቡናው ጫካ አቋርጠን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። ሌሎቹ ልጆች የጊዮርጊስን ፈረስ ሲያዩ፣ አንቺ በላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት ተገትረሽ ቀረሽ። ቄሱ ታሪኩን ነገሩሽ። ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ አጋደለለትና ዳነ አሉሽ። «የተበሉት ሰዎችስ ምን አሉ?» ብለሽ ጠየቅሽ። ቄሱ ሳቁ። እኔ ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። እዚያ ሕግ ትምህርት ቤት ካገኘሽው ንገሪኝ።

ከዚያው ከዘጌ የወጣ አንድ ሠዓሊ ነበር፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ። በ1868 እ.ኤ.አ. የተወለደ ነው። ዐጤ ምኒልክ በ1887 ጣልያን ልከውት ቱሪን ሥዕል ተማረ። ሲመለስ እንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሳለ። ቤተ መንግሥቱ ግን አልተመቸውም፤ ተመልሶ አውሮፓ ሄደ። ኔፕልስ አማርኛ ሲያስተምር ብሩሹ በብዕር ተተካ። በ1908 ሮም ላይ ያሳተመውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አለው። ይኸው ዛሬ ሁላችንም ልብ ወለድ የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ አንብቤልሽ አልነበር? እንቅልፍ እምቢ ብሎሽ አድረሻል።

ከዚያ አገሩ ገብቶ ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ነጋድራስ ሆነ። ቀጥሎ የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን የሚካሰሱበትን ልዩ ፍርድ ቤት መራ። ሠዓሊው፣ ደራሲው፣ ዳኛ!

የሚመረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1936 ጣልያን ሲገባ ለጣልያን አደረ። አፈ ንጉሥ የሚለውን የዳኝነት ማዕረጋችንን ቀይረው «አፈ ቄሳር» አሉት፤ እሱም ተቀበለ። ከነፃነት በኋላ ጅማ ተግዞ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ በ1947 እዚያው ሞተ።

ይህን ለእናትሽ ስነግራት «ለልጅቷ ይሄን ነው ምሳሌ የምትሰጣት?» ብላ ጮኸችብኝ። ምሳሌ አላልኩም። ሙያ መቀየርሽ አያስፈራኝም ነው ያልኩት። የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ አንቺም አልጠፋሽም።

ለማታው ትምህርት የመጀመሪያውን ክፍያ በቴሌብር ልኬልሻለሁ፤ ሲደርስሽ ደውይ። የቀለም ዕቃሽ አልጋዬ ሥር ነው። ብሩሾቹን እናትሽ ትናንት በሳሙና አጥባ ጣሳ ውስጥ አቁማቸዋለች። እየተነጫነጨች ነው ያጠበቻቸው። ቤትሽ ቦታ ካለው በአውቶቡስ እልካቸዋለሁ፣ ከሌለው ግን እዚሁ ይቆዩ።

አባትሽ