ወንዝ ዳር ከዛፍ በፊት ቄጠማ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት በመጣ ቁጥር በአቃቂ ወንዝ ዳርቻዎች የዛፍ ችግኝ ይተከላል። አሸዋማው ጠርዝ ላይ የተተከለውን ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ ከነአፈሩ ጠርጎት ይሄዳል። እዚያ ቦታ ላይ መቅደም ያለበት ቄጠማ ነው። ቄጠማ ከዓመት ዓመት የሚኖር ተክል ሲሆን አሸዋውን አስሮ የሚይዘውም አፈር ውስጥ እየተሳበ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣው ግንዱ ነው።

ቦታው የሚመረጠው ከተከላው በፊት ባለው በጋ ነው። የካቲት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቆፈር እርጥብ አሸዋ ካልተገኘ ቦታው አይሆንም፤ አሸዋ ውኃን ከሥር ወደ ላይ ብዙ አይስብም።

ተከላውም ክረምት መግቢያ ላይ ሳይሆን ጎርፉ ሲጎድል፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢሆን ይሻላል። ሥሩ የሚቀጥለው ክረምት ሳይደርስ ስምንት ወር ገደማ ያገኛል። እንደ ሱሉልታ ባለው ደጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥለዋል። ደረቀ ብሎ መንቀል አያስፈልግም፤ ከሥር ያቆጠቁጣል።

ችግኙ የሚወሰደው ከነባር ቄጠማ ዳር ዳሩን ነው፤ መሐሉ አርጅቷል። ከሦስት እስከ አምስት ቀንበጥ ያለው ቁራጭ ከነሥሩ ይቆረጣል፣ ቅጠሉ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ይከረከማል፣ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ በዕለቱ ይተከላል። ግንዱን በጣት ዳብሱት፤ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ቄጠማ ነው። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረጅምና ጠፍጣፋ ከሆነ ፊላ ነው፤ ፊላ ትንሽ ኩሬ ከያዘ ለሌላ ተክል ቦታ አይተርፍም።

ርቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የአንዱ መደዳ ተክል በሌላው መደዳ ክፍተት ትይዩ ይሁን፤ ፊት ለፊት ከተደረደሩ ውኃው በመካከላቸው ቦይ ያበጃል። የቀንበጡ መነሻ ከአሸዋው ጋር እኩል ይሁን። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ እፍኝ የበሰለ ብስባሽ ይበቃል። ዩሪያ ግን በፍጹም፤ አሸዋ ስለማይይዘው ወደ ውኃው ወርዶ እምቦጭን ይቀልባል፣ ወንዙ የሚገባበት የአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ደግሞ የእምቦጭ እጥረት የለበትም። ከውኃው ወገን ጭራሮ አጋድሞ በባሕር ዛፍ ችካል መቸከል አዲሱን ተክል ከማዕበልና ከደራሽ ውኃ ይከላከላል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ግን ከብት ነው። በጋ ላይ ሌላው ሣር ሲደርቅ ለምለም ሆኖ የሚታየው ቄጠማው ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በእሾህ ይታጠር።

ሲታጨድ ከውኃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ወደ ሥሩ አየር የሚወርደው በግንዱ ውስጥ ስለሆነ፣ ከውኃ በታች ከተቆረጠ ታፍኖ ይበሰብሳል። የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ከሚወርድበት የወንዙ ክፍል የታጨደ ቄጠማ ደግሞ ለበዓል ገበያ አይውጣ፤ ልጆች የሚድሁበት ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ ነውና።

አንድ አንባቢ፣ ከአቃቂ