የሟቾቻችን ስም የት ነው የተጻፈው?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ስለ አውስትራሊያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። አውስትራሊያውያን የዓለም ጦርነቶችን ሰው አገር ሄደው ተዋጉ እንጂ ቤታቸው ድረስ አልመጣባቸውም የሚል ነገር አለበት። እንዴት አልመጣባቸውም?

ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጻፋቸውና እንየው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአገሩ ሕዝብ 5 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ከዚያ ላይ ከ416 ሺህ በላይ ሰው ለውትድርና ተመዘገበ፣ ከ60 ሺህ በላይ ደግሞ ሞቶ ቀረ። በ1916 ፍሮሜል በምትባል የፈረንሳይ መንደር በአንድ ሌሊት ውጊያ ብቻ ከ5,500 በላይ ሞተዋል፣ ቆስለዋል ወይም ተማርከዋል። የሚገርመው ሁሉም በፈቃዳቸው የሄዱ ናቸው። መንግሥት በግዴታ ልውሰድ ብሎ በ1916 እና በ1917 ሕዝቡን ድምፅ አስጠየቀ፣ ሕዝቡ ሁለቴም እምቢ አለ።

ቤት የቀረውስ? የሞት ቴሌግራም ሲመጣ የሚያደርሰው የሰፈሩ ቄስ ነበር። ስለዚህ ቄሱ ወደ መንደር ብቅ ሲሉ እናቶች የማን በር ሊያንኳኩ ነው ብለው ይንቀጠቀጡ ነበር። እኛ ወሎዎች መርዶ በማለዳ ሽማግሌ ሰብስበን ስለምናረዳ ይሄ ስሜት አይጠፋንም። ከዚያ የባሰው ግን ሬሳ አለመምጣቱ ነው። የወደቀ ሁሉ እዚያው እንዲቀበር ተወስኖ ስለነበር፣ ልጇ የቱርክ ጋሊፖሊ ወይም ፈረንሳይ የቀረባት እናት ባሕሩን ተሻግራ መቃብሩን የማየት ዕድሏ የመነመነ ነበር። ለዚህ ነው ከተማውም የገጠሩም መንደር ገንዘብ እያዋጣ ሐውልት አቁሞ የልጆቹን ስም የቀረጸበት። ብዙዎቹ ላይ የሞተ ብቻ ሳይሆን በሕይወት የተመለሰም ስሙ አለ።

በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ቦምቡ ራሱ መጣ። የካቲት 1942 የጃፓን አውሮፕላኖች ዳርዊን ከተማን ደብድበው ቢያንስ 235 ሰው ገደሉ። በዚያው ዓመት ሲድኒ ወደብ ውስጥ ትንንሽ ሰርጓጅ መርከቦች ገብተው መርከብ ላይ የተኙ 21 መርከበኞች ሞቱ። ሻይ፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ሥጋና ልብስ በኩፖን ሆነ፤ የቀበሌ ራሽን የተሰለፈ ሰው ይሄን አስረዱኝ አይልም። ጃፓን ከማረከቻቸው 22 ሺህ ገደማ ወታደሮች ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት አልተመለሱም። (በነገራችን ላይ በ1941 ጌዲዮን ኃይል ከተባለው የእንግሊዝ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ጦር ጋር ጎጃም ገብተው ጣሊያንን የተዋጉ ጥቂት አውስትራሊያውያንም ነበሩ።)

ጻድቅ ናቸው እያልኩ አይደለም። በመጀመሪያው ጦርነት ጀርመን የተባለ ጎረቤታቸውን እየለቀሙ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው አጉረዋል። ለተመላሽ ወታደር መሬት ሲሰጥም አብሯቸው የተዋጋው የአገሩ ነባር ሕዝብ አብዛኛው ሳያገኝ ቀርቷል። ይሄ አሳፋሪ ነው።

የስሙ ነገር ግን ያስቀናኛል። በ1941 ካንቤራ ላይ የተከፈተው የጦርነት መታሰቢያ ግድግዳ ላይ ዛሬ ከ103 ሺህ በላይ ስም አለ። ማዕረግ የለውም። ጄኔራሉም ተራው ወታደርም ስሙ ብቻ ነው የተጻፈው።

እኛስ? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ፣ መትረየስ ይዘው የተነሡትን ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ቀን የሞተው የደሴ ሰው ግን ማን ማን ነበር? ደሴ ተወልጄ አድጌ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ አይቼ አላውቅም። የእሱስ ይሁን፣ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖታል እንበል። የ2014 ዓ.ም. ጦርነትስ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያለቀው ሰው እናቱ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ እዚሁ አብረውን ገበያ ይወጣሉ። አሁን ካልጻፍነው መቼ ልንጽፈው ነው?

የቁስል እከክ መቅረፍ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይገባኛል። እኔ ግን ማን ገደለው ይጻፍ አላልኩም፣ እሱ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የሞተበት ቀን። በቃ። ሲቪል ነው ወታደር ነው፣ ሙስሊም ነው ክርስቲያን ነው ሳይባል።

መነሻው ደግሞ እጃችን ላይ ነው። እድሮቻችን ማን መቼ እንደሞተ መዝግበው ይይዛሉ። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ሀረጎን ወርዶ እስከ ኮምቦልቻ የእድር ጸሐፊዎችን ማነጋገር ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ቢያግዙን ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። ሐውልቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ እሱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ስብሰባ ይበዛበታል።

ከእናንተ የምፈልገው በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ዓምድ ነው፤ ስሞቹ ብቻ የሚወጡበት። የኛ እድር ጸሐፊ መዝገቡን ሊያሳዩኝ እሺ ብለውኛል። በስልክ ፎቶ አንስቼ ልላክላችሁ ወይስ በእጅ ገልብጬ ላምጣው?

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ