ፕሪንተሩ የቤቱ ይሁን

ልጄ፣ አባቴ፣ እንደምን አለህ? እህትህስ ደህና ናት?

ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋን በኋላ ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንተ «ፕሪንተሩን ሼር አድርጌላታለሁ» አልክ። እሷ ደግሞ ከኋላህ ሆና «አንተ ከቤት ስትወጣ አብሮህ ይወጣል» አለች። ተሳስቃችሁ አለፋችሁት። እኔ ግን ያቺን ንግግር ይዣት አደርኩ። እውነቷን ነው።

ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ኬብል የተሰካው አንተ ላፕቶፕ ላይ ነው። ስለዚህ እህትህ ያገኘችው ፕሪንተሩን ሳይሆን ላፕቶፕህን ነው። እሷ ፕሪንት ስትል ፋይሉ በዋይፋይ መጥቶ መጀመሪያ አንተ ኮምፒውተር ላይ ወረፋ ይይዛል። ተራው ሲደርስ ላፕቶፕህ በኬብሉ ወደ ፕሪንተሩ ያወርደዋል። ላፕቶፑ ከተዘጋ፣ ወይም በቦርሳህ ሆኖ ሥራ ከሄደ፣ መንገዱ ተቆረጠ። ፕሪንተሩ መብራቱን አብርቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። ለእሷ ግን የለም።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቀው አንተ ታውቃለህ። የመመረቂያ ጽሑፍህን ልታስረክብ አንድ ሌሊት ሲቀርህ እኔ ለሥራ ሌላ ከተማ አድሬ ነበር። የቤታችን ፕሪንተር የሚሠራው በእኔ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። ላፕቶፑ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ደወልክልኝ። «ኬብሉን ያንተ ላይ ሰካው» አልኩህ። ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አልነበረህም። እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ ታገልን፣ አልሆነም። ጠዋት ፍላሽህን ይዘህ የሚያትምልህ ፍለጋ ሮጥክ። ደርሰህ አስረከብክ፣ ተመስገን። የዚያን ሌሊት ድምፅህ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የሁላችሁንም ዕቃ ሳላስበው የራሴ አድርጌው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፕሪንተሩን አዙረህ ጀርባውን እይልኝ። ራውተሩ ላይ እንዳለው ዓይነት የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ አለው? ፊቱ ላይስ የዋይፋይ ምልክት አለ? ከሁለቱ አንዱ ካለ ሼር ማድረጉን ተወው። ፕሪንተሩ ራሱ ከራውተሩ ጋር ይገናኝ። ያኔ እንደ ስልካችሁና እንደ ኮምፒውተራችሁ የራሱ አይፒ አድራሻ ይኖረዋል፤ ኔትወርኩ ላይ የሚገኝበት ቁጥር ማለት ነው። አንተ በራስህ ኮምፒውተር፣ እሷም በራሷ ታስገቡታላችሁ። ማንም የማንንም ኮምፒውተር መከፈት አይጠብቅም። የኔትወርክ መሰኪያው ጀርባው ላይ እያለ ለዓመታት በዩኤስቢ ብቻ የሚጠቀሙ ሰዎች አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ሁለቱም ካለው በኔትወርክ ኬብሉ አድርገው። ፕሪንተር ከቦታው አይነሳም፣ ዋይፋዩን ለሚንቀሳቀሱት ተውላቸው። ራውተሩ ሩቅ ከሆነና የግድ በዋይፋይ ከሆነ ደግሞ ብዙ የቤት ፕሪንተሮች ከዋይፋዩ ሞገዶች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርትዙን ብቻ እንደሆነ አስታውስ። ራውተርህ 2.4 እና 5ን በተለያየ ስም ካወጣቸው ፕሪንተሩን 2.4ቱ ላይ አስገባው። ኮምፒውተሮቹ 5ቱ ላይ ቢሆኑም ግድ የለም፣ ኔትወርኩ አንድ እስከሆነ ድረስ ይገናኛሉ። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ግን እንዳታስገባው። የእንግዳው መስመር የተሠራው የቤቱን ዕቃዎች ከእንግዳው ለመለየት ነው። ፕሪንተሩ እዚያ ከገባ እናንተም አታገኙትም።

አንድ ነገር ደግሞ እዚያው ጨርሰህ ተነስ። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ኦፍላይን ይላል» የሚባለውን ታውቀዋለህ። ብዙ ጊዜ ፕሪንተሩ አልተበላሸም። ራውተሩ አድራሻ የሚሰጠው በውሰት ነው። ጠፍቶ ሲነሳ ትናንት 192.168.1.20 የነበረውን ፕሪንተር ዛሬ 192.168.1.27 ሊያደርገው ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን የድሮውን በር ሲያንኳኳ ይውላል። ሰው ይህን ሳያውቅ ድራይቨር እያጠፋ መልሶ ይጭናል፣ ቀኑን ሙሉ ይለፋል። መፍትሔው ራውተሩ ላይ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ለፕሪንተሩ አንድ ቋሚ አድራሻ አስይዝለት። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካበትም።

እንዲህ ከሆነላችሁ ስልካችሁም ሳይቀር ፕሪንት ያደርጋል። አፕል ኤርፕሪንትን ካወጣበት ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ድራይቨር ሳይጫን ከስልክ በቀጥታ የሚቀበሉ ፕሪንተሮች በዝተዋል።

ጀርባው ላይ ዩኤስቢ ብቻ ካለስ? ራውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው መመሪያውን አንብብ። ፕሪንተር የሚቀበሉ አሉ፣ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ብቻ የሚቀበሉም አሉ። ይህም ካልሆነ ሼር ማድረግ ግድ ነው። ላፕቶፕህ ላይ ግን አይሁን። ሳሎን ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሰካው። አሮጌነቱ ምንም አይደለም። ከቤት አለመውጣቱ ይበቃል።

ዴስክቶፑ ላይ የፕሪንተሩን ፕሮፐርቲስ ክፈትና ሼሪንግ የሚለው ውስጥ ግባ። ሼር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርግ፣ አጭር ስም ስጠው። የቤቱን ዋይፋይ ፕራይቬት አድርገው፣ ፐብሊክ ከሆነ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ከሌሎቹ ይደብቀዋል። ፋይልና ፕሪንተር ሼሪንግ የሚለውን አብራ። ስሊፕ የሚለውን አጥፋው፤ ስክሪኑ ይጥፋ፣ ኮምፒውተሩ ግን አይተኛ። ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ሁለት ባክስላሽ (ወደ ኋላ ያዘነበለው ሰረዝ)፣ የዴስክቶፑን ስም፣ አንድ ባክስላሽ፣ ከዚያ ለፕሪንተሩ የሰጠኸውን ስም ጻፍ። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቅሃል፣ የሚፈልገው የዴስክቶፑን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሰላችቶ የፓስወርድ ጥበቃውን ያጠፋዋል። አንተ አታጥፋው፣ አባቴ። ዴስክቶፑ ላይ ለዚሁ ብቻ የሚሆን አንድ አካውንት ክፈትና የእሱን ፓስወርድ ለእህትህ ስጣት።

ምናልባት እምቢ ቢልህ ምክንያቱን እወቀው። በጁላይ 2021 (እ.ኤ.አ.) በዊንዶውስ የፕሪንት ስፑለር ላይ ፕሪንትናይትሜር የተባለ አደገኛ ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ስፑለር ማለት ያ ወረፋውን የሚይዘው ክፍል ነው። ማይክሮሶፍት ተከታታይ መጠገኛ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ድራይቨር ለመውሰድ የአድሚን ፈቃድ ይጠየቃል። የሴፕቴምበሩ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ ለዓመታት ሼር ሆነው የኖሩ ፕሪንተሮች መጨረሻው 11ቢ የሆነ የስህተት ቁጥር እያሳዩ አሻፈረኝ አሉ። «አፕዴቱን አጥፋው፣ ጥበቃውን ዝቅ አድርገው» የሚልህ አይጠፋም። አትስማው። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች አፕዴት አድርግ። ድራይቨሩን እህትህ ኮምፒውተር ላይ አስቀድመህ ጫን፣ ከዚያ አገናኝ። ትንሽ ያደክማል፣ ግን ቀዳዳውን መልሰህ አትከፍትም።

በዚህ መንገድ የሚጋራው ማተሚያው ብቻ ነው። ስካነሩ አይጋራም። ስካን ማድረግ የፈለገ ዴስክቶፑ ጋ ሄዶ ይቀመጣል። ለእህትህ አስቀድመህ ንገራት፣ በኋላ በከንቱ እንዳትፈልገው።

ከቤት ውጭ ሆኜ ፕሪንት ላድርግ ብለህ ደግሞ ራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ወደ ኢንተርኔት በር እንዳትከፍት። በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አንድ ሰው ፖርት 9100 የሚባለው የፕሪንተር በር ክፍት የተተወባቸውን ፕሪንተሮች ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ ለአንድ ዩቲዩበር ድጋፍ የሚጠይቅ ወረቀት አሳተመባቸው። ራሱ እንደተናገረው 50,000 ያህል ነበሩ። የማታውቀው ሰው ሳሎናችሁ ውስጥ ወረቀት ሲያወጣ አስበው። የቤት ፕሪንተር ከቤት ውጭ መታየት የለበትም።

ሌላው የእናት ነገር ነው፣ አትሰልች። ፕሪንተሩ የጋራ ሲሆን ወረፋው ላይ የሌላውም ፋይል ስም ሊታይ ይችላል። የሕክምና ውጤት ይኖራል፣ የሥራ ማመልከቻ ይኖራል። የእሷ ወረቀት ወጥቶ ካገኘኸው ሳታነብ ገልብጠህ አስቀምጥላት። እሷንም እንዲሁ እነግራታለሁ። ወረፋው ላይ የእሷ ፋይል ተቀርቅሮ ያንተን ቢያግድብህም ዝም ብለህ አትሰርዝባት፣ መጀመሪያ ጥራት። ሁለታችሁም ሰርዛችሁት አልወጣ ካለ ስፑለሩን አጥፍቶ ማስነሳት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። እስከዚያ ጀርባው ላይ ያየኸውን ጻፍልኝ፣ የፕሪንተሩን ሞዴልም ጨምር። ስደውል ላፕቶፕህን አጥፋና ቦርሳህ ውስጥ ክተተው። ከዚያ እህትህ ከራሷ ኮምፒውተር አንድ ገጽ ትላክ። ስልኩን ፕሪንተሩ አጠገብ አስቀምጡልኝ፣ ወረቀቱ ሲወጣ መስማት እፈልጋለሁ።

እናትህ