ቡናማ ስለሆነው ዛፍሽ

ውድ ልጄ፣

ሥዕል መማር መጀመርሽን ከነገርሽኝ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ ቅጠል በድንጋይ ወቅጠሽ፣ ጭማቂውን በጣትሽ እየነከርሽ ወረቀት ላይ አረንጓዴ ዛፍ ሠራሽልኝ። መስኮቱ ላይ ለጠፍነው። ከቀናት በኋላ ዛፍሽ ቡናማ ሆኖ ስታገኚው አለቀስሽ፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ስለነበርኩ «ሌላ ሥሪ» ብዬሽ አለፍኩ። ያኔ ልነግርሽ የሚገባኝን አሁን ልንገርሽ።

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ነው። ተክሉ በሕይወት ሳለ ክሎሮፊሉ ሲፈርስ በአዲስ ይተካዋል። ከተቀጠፈ ወዲያ ግን ተኪ የለውም፤ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።

አፈር እንዲህ አይደለም። ኦከር የሚባለው ቢጫና ቀይ አፈር ቀለሙን የሚያገኘው ከብረት ነው። ብረቱ ቀድሞውኑ ከኦክስጅን ጋር ስለተዋሃደ ብርሃን አያደበዝዘውም። ደቡብ አፍሪካ፣ ብሎምቦስ ዋሻ ውስጥ በተገኘች ቁራጭ ድንጋይ ላይ በቀይ ኦከር የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ 73,000 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፣ ዛሬም ቀይ ናቸው!

ቢጫ ኦከር ካገኘሽ ከዱቄቱ ጥቂት በብረት ሳህን ላይ አድርገሽ በኃይለኛ እሳት አግዪው። ትኩስ እያለ ጠቆር ይላል፣ ሲበርድ ግን ቀይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ማዕድኑ ውስጥ የነበረው ውሃ ስለወጣ ነው፤ ቀዝቅዞም ወደ ቢጫነቱ አይመለስም። እኔ ስንቴ አይቼው አሁንም ይገርመኛል።

ሰማያዊ ቀለም ለማግኘት ግን ሰው ብዙ ደክሟል። የሞርፎ ቢራቢሮ ክንፍ ሰማያዊ ቢመስልም ሰማያዊ ቀለም የለበትም፤ የክንፉ ረቂቅ ቅርጽ ሰማያዊውን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቀው ነው። ብትፈጪው ሰማያዊው ይጠፋል። የጥንት ሠዓሊዎች አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም የሚያገኙት በአፍጋኒስታን ባዳክሻን ከሚቆፈረው ላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ነበር፤ በዋጋም ከወርቅ ጋር ይወዳደር ነበር። በሰው እጅ መሠራት የቻለው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው።

ቀለም ስትገዢ ቱቦውን ገልብጠሽ አንብቢ። የቀለሙ መለያ ቁጥር ተጽፎበታል፦ ፒቢ 29 (PB29) የሚለው አልትራማሪን ነው፣ ፒዋይ 43 (PY43) ቢጫ ኦከር። ሁለቱን ስትቀላቅዪ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ይወጣል፤ እንደ ቅጠሉ ጭማቂ ፀሐይ አትወስደውም። በእሱ ያንን ዛፍ ደግመሽ ሥሪና ላኪልኝ፣ እዚያው መስኮት ላይ እለጥፈዋለሁ።

እናትሽ