የበጎ አገልግሎት ክበብ የ2017 ዘገባ፦ ከአቡጊዳ እስከ ባቲ ሰኞ ገበያ

ደሴ የሚገኘው የትምህርት ቤታችን ክበብ ዘንድሮ ሁለት ሥራ ይዞ ነበር። አንደኛው ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ማስላት ለሚከብዳቸው የታችኛው ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ድጋፍ መስጠት ነው። ሁለተኛው ባቲ ከተማ ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ጋር የተማሪዎች ልውውጥ ማድረግ ነው። “እነዚህን ሁለቱን ምን አገናኛቸው?” የሚለው ጥያቄ በመምህራን ማረፊያም፣ በወላጆች ስብሰባም ሲነሣ ከርሟል። መልሱን የባቲውን ጉዞ ስተርክ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሐሜት ላቃና፦ ክበባችን “የሰነፎች መሰብሰቢያ” አይደለም።

ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል የነበሩት ልጆቻችን አንደኛ ክፍል የገቡት በ2013 ነው፤ ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ከርሞ ዘግይተው በተከፈቱበት ዓመት። ሁለተኛ ክፍል ገብተው ደብተራቸው ግማሽ ሳይደርስ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። ግማሹ ቤተሰብ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ግማሹ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ የቀረውም በሩን ዘግቶ ከረመ። ሲመለሱ የጠበቃቸውን ቤተ መጻሕፍት ሁላችሁም አይታችሁታል፤ አልደግመውም። ፊደል የሚለይበትን ዕድሜ እንዲህ ያሳለፈ ልጅ አምስተኛ ክፍል ደርሶ አንድ መስመር ለማንበብ ቢያልበው፣ “ሰነፍ” ለማለት እንዴት እንዲህ ቸኮልን?

ሁሉን ነገር በጦርነቱ ማላከክም ልክ አይደለም። አብረው ተሰድደው አብረው ከተመለሱት መካከል አንዱ በጥቂት ወራት ሲቃና ሌላው ዓመት ሙሉ እዚያው የቆመ አለ። በሙያው ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ከአእምሮ ብስለት ማነስ የሚመጣ አይደለም። ልጁ የሰማውን ይይዛል፣ በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል፤ የሚቸገረው ድምፅን ከምልክቱ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜም በቤተሰብ ውስጥ ተያይዞ ይታያል። አንድ አባት ልጃቸውን ሊወቅሱ መጥተው፣ ነገሩን ስናስረዳቸው “እኔም እኮ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት በዚሁ ነው” ብለው ዝም አሉ። ክበባችን ይህን የመመርመር ሙያ የለውም፤ ትምህርት ቤታችንም በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር የለውም። እኛ ልጁን “ይህ ነው ያለበት” አንልም። አጠገቡ እንቀመጣለን፣ እናስነብበዋለን፣ የት እንደሚደናቀፍ እንመዘግባለን፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ወላጁን ወደ ባለሙያ እንልካለን።

የመጀመሪያው ግኝታችን አስደንጋጭም አስቂኝም ነበር። ልጆቹ ፊደል “ያውቃሉ”። ሀ ሁ ሂ ብለው ከጀመሩ እስከ ፐ ያለ አንድ ስህተት ይዘልቃሉ። ጣታቸው ግን ሌላ መስመር ላይ ነው። አንዷን ፊደል ነጥለን በካርድ ስናሳያቸው ከሀ ጀምረው እየዘመሩ እስኪደርሱባት መጠበቅ ነበረብን። 33ቱን የፊደል ቤቶች በሰባት አባዝታችሁ 231 ምልክት በዜማ የያዘ ልጅ ማስታወስ ተስኖታል ማለት አይቻልም፤ ፊደሉን በጆሮው እንጂ በዓይኑ አልያዘውም። የጥንት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁን ከጨረሰ በኋላ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብለው ተራውን የሚያፋልሱበት ለዚሁ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ አቡጊዳን መልሶ ወደ ክፍል ማምጣት የክበቡ ሐሳብ ሳይሆን የአንዲት የስምንተኛ ክፍል አባላችን ሐሳብ ነበር፤ አያቷ ካህን ናቸው። ሌላው አባላችን ደግሞ ቁርአን በቀራበት ቤት ሉህ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፉ፣ እያጠቡ እንደገና መጻፍ እንደሚያለማምዱ ነግሮን፣ ከተሰባበረ ወንበር ጣውላ ትንንሽ ሰሌዳዎች ሠራን። ጠመኔና እርጥብ ጨርቅ ብቻ የሚፈልግ የትምህርት መሣሪያ ከዚህ በላይ አላውቅም። ለበጀት ኮሚቴው ይህን ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

የዓይን ነገር ደግሞ አለ። በየአቅጣጫው የዞረ የእንግሊዝኛ E የተጻፈበትን የዓይን መለኪያ ሰሌዳ ተውሰን፣ ኮሪደሩ ላይ ስድስት ሜትር ለክተን፣ ተራ በተራ አቆምናቸው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ “አትከታተልም” የምትባል ልጅ የላይኛውን ትልቁን ምልክት እንኳ መለየት አልቻለችም። እናቷ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ መነጽር አደረገች። አሁን ፊት ወንበር ላይ ነች፤ ንባቧም በሳምንታት ውስጥ ተስተካከለ። ያቺ ልጅ የንባብ ችግር አልነበረባትም፤ ጥቁር ሰሌዳ አይታ አታውቅም እንጂ።

ስብሰባዎቻችን በየሳምንቱ ሐሙስ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው በፋይል አለ። የችግኝ ተከላውና የግቢ ጽዳቱ እንደ ወትሮው ተከናውኗል፤ ከቀይ መስቀል ክበብ ጋር አልባሳት አሰባስበናል። ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል።

ወደ ልውውጡ ልምጣ። ለምን ባቲ? ባቲ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከተማ ናት፤ አብዛኞቹ የልጆቻችን እኩዮች እዚያ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ፣ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይወስዱታል። ሁላችንም ወሎዬዎች ነን እያልን የደሴ ልጅ ባቲን የሚያውቃት ከአራቱ ቅኝቶች አንዷ መሆኗን በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ሰምቶ ብቻ ነው። መኪና ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ አሰብ መንገድ ታጥፎ ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ የሚደርስባት ከተማ ናት።

ማን ይሂድ በሚለው ላይ ተጨቃጨቅን። የቀረበልን ሐሳብ “ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይሂዱ፤ ትምህርት ቤቱን የሚያስጠሩት እነሱ ናቸው” የሚል ነበር። በትሕትና አልተቀበልነውም። ሽልማት ሁሉ፣ ጉብኝት ሁሉ፣ መድረክ ሁሉ ለነዚያው ልጆች ሲሆን የቀሩት ምን እየተማሩ ነው? ግማሹ መቀመጫ ለድጋፍ ተማሪዎቻችን ይሁን አልን፤ ርዕሰ መምህራችን ደግፈውን ጸና። ለዚህ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናቸዋለሁ።

በየካቲት መጀመሪያ፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ በተከራየነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ወረድን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ገርባን ሳናልፍ ሹራብ ሁሉ ወልቆ ጭን ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ በየቤተሰቡ ተመደቡ። የባቲ እናቶች እንግዳ አቀባበል ሌላ ነው፤ “አብሽሩ ልጆቼ” እያሉ እየነጠቁ ወሰዱብን። ሻንጣ ሳይቀር ተሻሙ።

ምሽት ላይ ከባቲው አስተባባሪ መምህር ጋር ልጆቹ እንዴት እንዳሉ ለማየት በየቤቱ ዞርን። አንዱ ቤት ስንገባ ቡና ቶና ላይ ደርሷል። ከልጆቻችን መካከል በጣም የምሠጋለት ልጅ እዚያ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ይህን ዘገባ ራሱ እንደሚያነበው ግን አልጠራጠርም። አምስተኛ ክፍል ነው። ክፍል ውስጥ ለንባብ ሲጠሩት ሽንት ቤት መሄድ የሚጠይቅ ልጅ ነበር። ሰሌን ላይ በእንብርክኩ ተቀምጦ፣ ክበቡ ውስጥ ከመድኃኒት ካርቶን ቆርጦ የሠራቸውን የፊደል ካርዶች ዘርግቷል። ፊት ለፊቱ የቤቱ ትንሽ ልጅ አለች፤ የራሷን ቋንቋ በቁቤ እየገሰገሰች ታነባለች፣ የአማርኛ ፊደል ግን ገና እያንገዳገዳት ነው።

የረን እና የፈን ቤት ለብቻ አውጥቶ፣ “እነዚህን ሁለቱን ተጠንቀቂያቸው” ይላታል። “ሌሎቹ ካዕብ ሲሆኑ ከወገባቸው ነው የሚቀጥሉት። ሉን እዪ፣ ቡን እዪ። ሩ እና ፉ ግን ከእግራቸው ነው። እኔን ሦስት ዓመት አታልለውኛል።”

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ፊደልንም በየቀኑ እጽፋለሁ። ሩ እና ፉ ከሌሎቹ ካዕቦች በዚህ እንደሚለዩ አስቤው አላውቅም ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት ተማሪዎቻችንም ቢሆኑ ሊነግሯት አይችሉም ነበር፤ እነሱ እዚያ ላይ ተደናቅፈው አያውቁምና። መንገዱን ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቀው በእግሩ የሄደው ነው፤ በመኪና ያለፈው አይደለም። ልጅቷ ሩን ለይታ ስታነሣ ራሱን ነቀነቀና፣ እኛ ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው፣ ካርዶቹን በውዞ እንደገና አሰለፈላት። አቡጊዳ መሆኑ ነው።

ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። በቁቤ ድምፁ ሲጠብቅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ እንደሚጻፍ፣ ሲረዝምም አናባቢው እንደሚደገም አሳየችው። “የኛው ለምን እንዲህ አያሳይም?” ብሎ ወደ እኔ ዞረ። “ለአንባቢው ተትቶ ነው” ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። የቤቱ እመቤት የሆኑት አያት ከጀበናው ቀና ብለው “እንግዲህ መምህሩ ማን እንደሆነ አላወቅንም” አሉና ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ከሳቁ ጋር ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልውውጡንና የንባብ ድጋፉን ምን እንዳገናኛቸው ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው።

ሰኞ የባቲን ገበያ አየን። አፋሮቹ ግመልና ፍየል ነድተው ከቆላ ይወጣሉ፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ የፍየል ዋጋ ላይ ይጋፋሉ። አንድ የደረጃ ተማሪያችን አንዲት ሽርጥ ለአባቱ ገዝቶ ሲመለስ ያረፈበት ቤት ልጅ ዋጋውን ሰምቶ ጮኸ፤ እጁን ይዞ ወስዶ ገሚሱን ገንዘብ አስመለሰለት። ይህም ትምህርት ነው፤ በሮስተር ላይ አይሞላም እንጂ።

ያልተሳካልንንም ልናገር። ጉዞው መጀመሪያ የታሰበው ለኅዳር ነበር፤ የመንገዱ ጸጥታ ስላሠጋን ተላለፈ። የባቲ ልጆች በሚያዝያ ወደ እኛ መምጣት ነበረባቸው፤ የመኪና ኪራይ ስላልተገኘ አልመጡም፤ ይህ ያሳፍረኛል። ከመጋቢት በኋላ የስምንተኛ ክፍል አስነባቢዎቻችን ለሚኒስትሪ ፈተና ሲሉ ቀሩ። በወላጆቻቸው አልፈርድም፤ ነገር ግን ትንንሾቹ ያለ አስነባቢ ቀርተዋል። ሁለት የድጋፍ ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠዋል፤ አንደኛዋን ለመመለስ ከቤተሰቧ ጋር እየተነጋገርን ነው።

የክፍላችን ነገርም አለ። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ልጆቹ ራሳቸው ጠርገው፣ ኖራ ቀብተው አሳመሯት። በግንቦት ቁልፉ ተወሰደ፤ አሁን የፈተና ወረቀትና የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ናት። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ባሕር ዛፍ ሥር አነበብን፤ ዝናብ ሲመጣ በተንን። ለእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ አዲስ መለያ ተገዝቶለታል፤ ደስ ብሎኛል፣ ይገባቸዋል። የእኛ ክበብ የዓመት በጀት ግን ጠመኔና ጥቂት ማርከር ነበር። አካል ጉዳተኞችና ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጽፎታል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነትም በ2002 አጽድቃለች። ወረቀቱ ሞልቷል፤ የጠፋው መቀመጫ ነው።

ለ2018 የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የክፍሏ ቁልፍ ይመለስልን። በትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ላይ ለክበቡ ስም ያለው መስመር ይያዝ። ማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች ፈተናው በቃል እንዲነበብላቸው የክፍል ኃላፊ መምህራን ይፍቀዱ፤ ይህ ገንዘብም አይጠይቅም። ከሰባተኛ ክፍል ተጨማሪ አስነባቢዎች እንፈልጋለን፤ የትምህርት ውጤታቸውን አንጠይቅም፣ ትዕግሥት ብቻ ነው መስፈርቱ።

የባቲ ልጆች በኅዳር ይመጣሉ ብለን ቃል ሰጥተናል። እንግዳ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆናችሁ ወላጆች ቤተ መጻሕፍት ባለው መዝገብ ላይ ስማችሁን አስፍሩ፤ ስትመዘገቡም ስንት ትርፍ ብርድ ልብስ እንዳላችሁ አብራችሁ ጻፉ። የኅዳር የደሴ ብርድ ለባቲ ልጅ ቀላል አይደለም፤ ክበቡ ደግሞ ብርድ ልብስ መግዣ የለውም።