ሳትለኪ አትንኪ፦ ወደ ሙያዋ ለተመለሰችው ልጄ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ተሽሏታል።

አክስትሽ ባለፈው እሑድ ደውላ ሁለት ነገር ነገረችኝ። የመጀመሪያው፣ ከቤይሩት ከተመለስሽ ጀምሮ ስታመነቺበት የቆየሽውን ነገር ቆርጠሽ ወደ ኤሌክትሪክ ሙያሽ ለመመለስና እስከ ደረጃ 4 ለመዝለቅ መወሰንሽን ነው፤ ይህን ስሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ እናትሽ ትንገርሽ። ሁለተኛውን እሷ በኩራት ብትነግረኝም እኔን እንቅልፍ ነሳኝ። የጎረቤቷ ምጣድ እየደጋገመ ብሬከር ሲያወርድ ባለ 16 አምፔሩን አውጥተሽ ባለ 32 እንደቀየርሽበት፣ ከዚያ ወዲህ እንጀራው ሳይቋረጥ እንደሚጋገርና ሴትዮዋም መርቃሽ እንዳልጠገበች አወራችኝ።

ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሄደሽ ያንን ብሬከር አውጪው። ብሬከር የሚገባው ምጣዱን ለመጠበቅ አይደለም፤ በግድግዳው ውስጥ ያለፈውን ሽቦ ለመጠበቅ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በዚያው መስመር ላይ ምድጃ ወይም የውኃ ማሞቂያ ሲጨመርበት ብሬከሩ የሚወርደው ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን እየሠራ ነው። መስመሩ እንደ አብዛኛው ቤት ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከሆነ፣ ባለ 32ቱ ብሬከር ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ ሽቦው ግን በቱቦው ውስጥ ይግላል፣ ልባሱም እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከጣሪያው ሥር ጭስ ሲወጣ ነው። ለምጣዱ ከቦርዱ ጀምረሽ በባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የብቻውን መስመር ዘርጊለት፣ የራሱንም ባለ 20 ብሬከር ስጪው። ሴትዮዋ ለሽቦ መግዣ የለኝም ካለችሽ ባለ 16ቱን መልሺና ምጣድ በተጣደ ጊዜ ሌላው ሁሉ እንዲነቀል አስጠንቅቂያት። የሶኬቱንም ጀርባ ከፍተሽ እዪው፤ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ከሆነ ሳትቀይሪው እንዳትመለሺ። ይህን ሁሉ ስታደርጊ አስቀድመሽ ዋናውን አጥፊ፣ ከዚያ ለኪ፣ ከዚያ ብቻ ንኪ። ሳትለኪ አትንኪ።

የተቆጣሁ መስሎ ከታየሽ ስለምሳሳልሽ ነው። ደረጃ 2 ተምረሽ ምዘናው ሳይደርስ ለምን እንደሄድሽ ሦስታችንም እናውቀዋለን፤ ዛሬ ዝናብ የማያስገባው ጣሪያችን የአንቺ ላብ ነው። ልጅ ሳለሽ ከሥራ ተርፎ የማመጣውን ቁርጥራጭ ሽቦ በጥርስሽ ሳይሆን በፒንሳ ልጠሽ፣ ክሮቹን አንድ እንኳ ሳይበጠስ እኩል ጠምዝዘሽ ታሳዪኝ ነበር፤ ብዙ ረዳቶቼ ያን ያህል አይችሉም ነበር። ያ እጅ ይህን ያህል ዓመት የሰው ወለል ሲወለውል መኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዕድሉ በተመለሰልሽ በዚህ ጊዜ ሥራውን ከመካከል ጀምረሽ ከመካከል እንድትጨርሺው አልፈልግም።

አስቀድመሽ በእንጥልጥል የቀረውን የደረጃ 2 የብቃት ምዘና ውሰጂ፤ ትምህርቱን ቀጥለሽ ምዘናውን ብትተዪው ወደፊት በር ይዘጋብሻል። ልምድ ላለው ሰው ሲኦሲ፣ ማለት ይኸው የብቃት ምዘና፣ ምን ያደርግለታል የሚሉሽን አትስሚ። ምዘናው ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረውንም በሥራ ላይ የለመደውንም ይቀበላል፤ ሁለቱም ግን የጽሑፉን ጥያቄ መመለስና መዛኙ ፊት ቆመው በእጃቸው ሠርተው ማሳየት አለባቸው። ሙሉ ባለሙያ የምለው ሰው የዘረጋውን መስመር ኃይል ከመልቀቁ በፊት ፈትሾ፣ ያገኘውን ቁጥር ጽፎ፣ ከሥሩ መፈረም የሚችለውን ነው። የሽቦውን ልባስ ሜገር በተባለው የልባስ መፈተሻ በ500 ቮልት ሲፈትሽ ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየው ምክንያቱን ሳያገኝ ቦርዱን አይዘጋም። የምድር ሽቦውን ዘንጉ ስለተቀበረ ብቻ አያምነውም፤ ይለካዋል። ሰው የሚነካው ሶኬት ላይ ኃይል ወደ ምድር ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ መኖሩንና በእርግጥም መቁረጡን ያረጋግጣል። ያን ጊዜ የተማርሽበትን ደብተር ብቻ ይዘሽ ወደ ምዘናው እንዳትገቢ፤ በእኔ ዘመን እጃችን ላይ የነበረው በፈረንጆቹ 1995 የወጣው ኢቢሲኤስ 10 የተባለው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ ደረጃ ነበር፣ ደረጃዎች ግን ይታደሳሉና አሁን በሥራ ላይ ያለውን እትም መምህርሽን ጠይቀሽ አንብቢ። የጎረቤቷን ካስተካከልሽ በኋላ ምዘናውን እስክታልፊ ድረስ ብቻሽን ሥራ አትያዢ፤ ምንም ያህል ትንሽ ቢከፍልሽ ከሚያርምሽ ሰው ሥር ሆነሽ ሥሪ።

የወንድምሽን የክርስትና አባት ታስታውሺዋለሽ። ግራ እጁን ሁልጊዜ በኪሱ ይዞ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ልጅ ሆነሽ ስትጠይቂኝ፣ ስታድጊ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር። በአንድ ገጠር ከተማ የወፍጮ ሞተር ልንጠግን ሁለታችን ሄድን፤ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ነው። ስንደርስ ከተማው በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ነበር። ባለቤቱ «ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ማታ ነው የሚመጣው» አለን። እኔ ከመኪናው ላይ መሰላል ለማውረድ ወጣሁ፤ እርሱ ዋናውን ማጥፊያ ሳይነካ የሞተሩን የሽቦ ሣጥን ከፈተ። መሰላሉን እንደያዝኩ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጠጅ ቤት ደጃፍ ያለችው አምፑል ቦግ ስትል አየሁ፣ ወዲያውም ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ገብቼ ማጥፊያውን ሳወርደው ወድቋል። ነፍሱ ተረፈች፣ ሦስት ጣቶቹ ግን ሆስፒታል ተቆረጡ። ወደ መኪናው ስናነሣው ቴስተሩ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት።

እርሱ ከእኔ የተሻለ ባለሙያ ነበር፣ ይህን ሳትረሺ አንብቢው። ሰነፍ አልነበረም፣ የማያውቅም አልነበረም፤ መብራት የለም የሚለውን የሰው ቃል ከመለኪያው አስቀድሞ አመነ። በአገራችን ደግሞ መብራት የጠፋበት ሰዓት ከበራበት ይልቅ ሊያሳስብሽ ይገባል፤ በየትኛው ደቂቃ እንደሚመለስ አይታወቅም፣ ጎረቤትም ያለ መቀያየሪያ ያገናኘው ጄኔሬተር ወደ መስመሩ ኃይል መልሶ ሊልክ ይችላል። የሽቦ ቀለምም አትመኚ፤ በአሮጌ ቤት ሠሪው በእጁ ያገኘውን ቀለም ነው የዘረጋው። ማብሪያ ማጥፊያም አትመኚ፤ ኃይል የሚያመጣውን ፌዝ ትቶ መላሹን ሽቦ፣ ኒውትራሉን፣ የሚቆርጥ ሆኖ ከተገጠመ አምፑሉ ጠፍቶ ሳለ መያዣው ላይ ኃይሉ እንዳለ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዋናውን አጥፊ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው ቆልፊው፣ መቆለፊያ ከሌለው በናስትሮ አሽገሽ «ሰው እየሠራ ነው» ብለሽ ጽፈሽ ለጥፊበት። ቴስተርሽን ይህ ማጥፊያ በማይቆርጠው፣ ኃይል እንዳለው በምታውቂው ሶኬት ላይ ሞክሪው፤ ከዚያ የምትሠሪበትን ቦታ ከፌዝ ወደ ኒውትራል፣ ከፌዝ ወደ ምድር፣ ከኒውትራል ወደ ምድር ለኪ፤ ከዚያም ተመልሰሽ ያንኑ ሶኬት ድጋሚ ለኪ፣ ምናልባት በመካከል ባትሪው አልቆ ወይም ገመዱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና። አለቃሽ ቢያጣድፍሽ፣ ሴት ናትና ፈራች ቢሉሽ፣ ሥራው የአምስት ደቂቃ ቢሆን፣ ሳትለኪ አትንኪ።

ለመሣሪያ መግዣ በባንክ ያስገባሁልሽን ገንዘብ ለሌላ ነገር እንዳታውዪው፤ ለአክስትሽ የቤት ወጪ እኔ ለብቻ እልካለሁ። ጫፉ ላይ መብራት ያለባት ካቻቢቴ እንደ መለኪያ አትበቃሽም፤ ሁለት እግር ያለው ቴስተር ግዢ፣ ፒንሳውም እጀታው የተሸፈነ ይሁን፣ ርካሽ አትፈልጊ። ጫማሽ ሶሉ ወፍራም ጎማ ይሁን። ቀለበትሽንና የአንገት ሐብልሽን ሥራ ስትሄጂ ቤት አስቀምጪ፣ ጸጉርሽንም ጠቅልለሽ እሰሪው። የደረጃ 2 ትራንስክሪፕትሽ ዋናው እናትሽ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ወንድምሽ ቅዳሜ ሲመጣ ይዞልሽ ይመጣል፣ ላሚኔት እንዳታስደርጊው፣ ሦስት ፎቶ ኮፒ አስነሥተሽ ዋናውን ከአክስትሽ ዘንድ አኑሪ። የምዘናው ቀን ሲቆረጥ አስቀድመሽ ደውዪልን፤ በዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ።

የሚወድሽ አባትሽ